ከጥርስ ሠሪው ኋላ የምትተኛው ልጅ

ጥርስ ሠሪው ሥራው ሁሉ የሰው አፍ ቢሆንም ከሰው ጋር የሚያወራበት ቀን ጥቂት ነበር። ሐኪሞቹ የታካሚውን ድድ ቅርጽ ይልኩለታል። እሱ ከጓሮ በኩል ባለች አንዲት ክፍል ተቀምጦ በጄሶ ይሞላዋል፣ በሰም ይደለድለዋል፣ ጥርሱን አንድ በአንድ ይተክላል፣ ይሞርዳል፣ ይወለውላል። በዚያ ጥርስ ማን እንደሚስቅበት ግን አያውቅም። ጠዋት ጠዋት የማያውቀውን ሽማግሌ የታችኛ ጥርስ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ዳቦውን ይበላል። ሌላ የገበታ ጓደኛ አልነበረውም።

ሚስቱ ጥላው ከሄደች ቆይታለች። ጥላው ሄደች ማለትም ልክ አይደለም። “ትንሽ ልረፍ” ብላ ልጃቸውን ይዛ እህቷ ወዳለችበት ከተማ ሄደችና እዚያው አርፋ ቀረች። ልጅቷ ያኔ በአባቷ ብስክሌት የኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ ታስራ የምትተኛ ሕፃን ነበረች። ለትምህርት ቤት እረፍት ትመጣለች ይባላል፤ እረፍቱ ይመጣል፣ ልጅቷ አትመጣም። አንዴ ጉንፋን ይሆናል፣ አንዴ የዋና ትምህርት፣ አንዴ ደግሞ እንዲሁ “ለሚቀጥለው” ይባላል። እሱም ሽንጡን ገትሮ የሚከራከር ሰው ስላልሆነ “እሺ፣ ለሚቀጥለው” ይላል። እኔን ብትጠይቁኝ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ያለቀውን ጥርስ ወደየክሊኒኩ የሚያደርሰውም ራሱ ነው፣ በብስክሌት። ድሮ ሳጥኑን ከኋላ መጫኛው ላይ በላስቲክ ገመድ ጠፍሮ ነበር የሚሄደው። አንድ ቀን ከአስፋልቱ ጉድጓድ ገብቶ ሲዘል ለአንድ ሰው የሠራው ላንቃ ከነጄሶው ለሁለት ተሰነጠቀ። ሐኪሙ ጮኸ፣ ታካሚው በልጁ ሠርግ ላይ አፉን በመሐረብ ሸፍኖ ዋለ፣ ጥርስ ሠሪውም በሐፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። በማግስቱ ከአልጋው ስር የልጅቷን የብስክሌት ወንበር ጎትቶ አወጣና ብስክሌቱ ላይ በብሎን አሰረው። ወንበሩ ስፖንጅ አለው፣ ቀበቶ አለው፣ ግራና ቀኙ ከፍ ያለ ነው፤ ለጄሶ ከዚህ የተሻለ መቀመጫ አይገኝም። ሳጥኑ እንዳይነቃነቅ በልጅቷ ቀይ ካፖርት ጠቀለለው። ክዳኑ እየተከፈተ ሲያስቸግረው ደግሞ ትንሿን ሄልሜት ከላይ ደፋበትና የአገጭ ማሰሪያዋን ቆለፈው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሰው ላታልል ብሎ አልነበረም፤ የሚያስበው ስለ ላንቃ ነበር።

መኪኖቹ ግን ሌላ ነገር አዩ። በመጀመሪያው ቀን ከኋላው የመጣ አውቶብስ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ መስመሩን ለቀቀ፣ ሰፊ ቦታ ትቶለት አለፈ። ጥርስ ሠሪው ምን ነካው ብሎ ተገረመ። ቀጥሎ የመጣው ፒካፕም እንደዚያው አደረገ። ታክሲ እንኳ፣ እንዴ ታክሲ! ክላክስ ሳይነካ በትዕግሥት ከኋላው ተከተለው። አንዲት ሾፌር መስኮቷን አውርዳ “ቀስ በል እንጂ፣ ተኝታብሃለች እኮ!” አለችው። ዞር ብሎ ቢያይ ሳጥኑ በቀበቶው ላይ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ ሄልሜቷም አብራው ተጋድማ፣ እውነትም እንቅልፍ የጣላት ሕፃን መስሎ ነበር።

ከዚያ በፊት እንዲህ አልነበረም። ሳጥኑን በገመድ እያሰረ በሚሄድበት ጊዜ ራሱ ላይ ትልቅ ጥቁር ሄልሜት ያደርግ ነበር፤ የክርንና የጉልበት መከላከያም ነበረው። ያ ሁሉ ትጥቅ የልብ ልብ ሰጥቶት ቁልቁለቱን ፍሬን ሳይነካ ነው የሚወርደው። ሾፌሮቹም ትጥቁን እያዩ “ይሄስ ራሱን ችሏል” ያሉ ይመስል በክርኑ ስር ሽው ይላሉ። የመኪና ስፖኪዮ እጅጌውን የገረፈው ያኔ ነው። ሄልሜቱን ቤት ረስቶ የወጣ ቀን ግን እሱም ይፈራል፣ እነሱም ይፈሩለታል። ሰው የተጠበቀ ለመሰለው ሰው አይራራም መሰል። ጥርስ ሠሪው ይህን ከተረዳ በኋላ የራሱን ሄልሜት ሚስማር ላይ ሰቀለና ረሳው።

ወንበሩ ጠባዩንም ለወጠው። የተጫነው ጄሶ መሆኑን እያወቀ ጉብታ ሲመጣ “ያዝ አድርጊ” ይላል። ቀይ መብራት ላይ ሲቆም እጁን ወደ ኋላ ልኮ የካፖርቱን ኮሌታ ያስተካክላል። ያንን ቁልቁለት ሁለቱንም ፍሬን ጨብጦ እየተንቀረፈፈ ይወርዳል። ደስ ይለው ነበር። እንዲህ ደስ ካለው ስንት ጊዜ እንደሆነው ራሱም አያስታውስም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእማማ ቁም ነገር ነው። እማማ ቁም ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ልጆች የሚያሻግሩ ሴት ናቸው። “ቁም” የሚል ክብ ሰሌዳ ይዘው መሐል መንገድ ስለሚገተሩ ስሙን ያወጡላቸው ልጆቹ ናቸው። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ድምፃቸው ግን የጭነት መኪና ያስደነግጣል። ጥርስ ሠሪው በዚያ ሲያልፍ ከርሞ አንድም ቀን ቀና ብለው አይተውት አያውቁም። ወንበሩን ያዩ ዕለት ግን ሰሌዳቸውን አነሱ፣ ከሁለቱም ወገን የሚመጣውን መኪና ቀጥ አደረጉ፣ እሱንም እንደ ትልቅ ሰው አሳለፉት።

“እንዴት አደራችሁ?” አሉ።

“ደህና፣ እማማ። እርስዎስ?”

“እኔማ ምን እሆናለሁ። ተኝታለች?”

አፉን ከፈተ። “ሳጥን ነው” ማለት ነበረበት። ከዚህ የቀለለ መልስ የለም።

“ተኝታለች” አለ።

“እሰይ የኔ ሚጢ! ትተኛ። ልጅ ጠዋት እንቅልፉ ካልወጣለት ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ነው የሚውለው።”

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሆነ። “ሚጢስ?” ይላሉ፤ “ተኝታለች” ይላል። “ዛሬም? ይቺ ልጅ ሌሊት ሌሊት ምን ስትሠራ ታድራለች?” ይላሉ፤ “ሲያስለቅሳት አደረ” ይላል። “ጥርስ እያወጣች ይሆናላ” አሉት አንድ ጊዜ። “አዎ፣ ጥርስ ነው” አለ። ያን ቀን እንኳ አልዋሸም።

ስለ ራሳቸውም ያጫውቱት ነበር። “ይሄ ቢጫ ሰደርያ ነው ጉድ የሠራኝ” አሉት አንድ ጠዋት፣ የሚያንጸባርቀውን ሰደርያቸውን በሁለት ጣት ቆንጥጠው እያሳዩት። “ድሮ በገዛ ጥቁር ሹራቤ ስቆም ‘ኧረ አሮጊቷ!’ እያሉ ከሩቅ ነበር የሚቆሙልኝ። ይሄን ካለበሱኝ ወዲህ ባለሥልጣን መሰልኳቸው መሰለኝ፣ እየታከኩኝ ነው የሚያልፉት።”

“የኔም ሄልሜት እንደዚያው ነበር፣ እማማ። ታዲያ ለምን አያወልቁትም?”

“ካወለቅሁትማ አለቃዬ እኔን ያወልቀኛል!” ብለው ሳቁ። እሱም ሳቀ። የገዛ ሳቁ ለጆሮው እንግዳ ሆነበት።

አንድ ቀን በእጃቸው የሠሯቸውን ትንንሽ ሰማያዊ ጓንቶች ኪሱ ውስጥ ከተቱለት። “ጣቶቿ ሲቀዘቅዙ አይታየኝም፤ እጇን ሁልጊዜ ካፖርቷ ውስጥ ነው የምትቀብረው” አሉ። ጥርስ ሠሪው ቤቱ ገብቶ ጓንቶቹን በካፖርቱ እጅጌዎች ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዛቸው። ከዚያ ወንበሩን ፊት ለፊቱ አድርጎ ተቀመጠ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ አስቧል። ከተናገረ ግን ያቺን የጠዋት ሰላምታ ያጣታል። ያቺን ካጣ ቀኑን ሙሉ አፉን ከፍቶ የሚጠብቀው ጄሶ ብቻ ነው።

ጥርስ ከሚያሠሩት ሐኪሞች አንዱ፣ ሳቂታ ሰው ነው፣ በዚያው ሰሞን አዲስ መኪና ገዛ። መኪናዋ ከፊቷ ሰው ካየች በራሷ ፍሬን ትይዛለች፤ መስመር ከሳቱ ትንጫጫለች፤ ከተጋጨች ደግሞ በአራቱም ጎን ትራስ ትነፋለች። ሐኪሙ ወሬው ሁሉ እሷ ሆነች። “እኔ እንግዲህ መሪ የምይዘው ለወጉ ያህል ነው። ስልኬን እያነበብኩ፣ ክራቫቴን እያሰርኩ እደርሳለሁ፤ ምን ቸገረኝ?” ይላል። ጥርስ ሠሪው ፈገግ ብሎ ሳጥኑን አስረክቦ ይወጣል።

አንድ ጠዋት ጥርስ ሠሪው ትንሽ አርፍዶ መጣ። እማማ ቁም ልጆቹን አሻግረው ጨርሰው ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብለው ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ተነሥተው ተመልሰው ገቡ፤ ለእሱ ብቻ ብለው፣ ለሚጢ። ሰሌዳቸውን ከፍ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ወንበሩ አዙረው “እንዴት አደ…” ሲሉ የሐኪሙ መኪና ከጎናቸው ደረሰች። ሐኪሙ አንገቱን ደፍቷል።

“እማማ!” ብሎ ጮኸ ጥርስ ሠሪው።

መኪናዋ በራሷ ጮኸች፣ በራሷ ተንገራገጨች፣ በራሷ ቆመች። በእሷና በቢጫው ሰደርያ መካከል ክንድ የሚያስገባ ቦታ አልቀረም። ሰሌዳው ከእማማ ቁም እጅ አምልጦ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ።

ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ወጣ። ፊቱ በርቷል። “አያችሁ? አያችሁ አይደል? ራሷ ቆመች እኮ! እኔ እግሬንም አላንቀሳቀስኩ!” ጥርስ ሠሪው፣ ሳጥኑን የሚያውቀው ሐኪም አሁን አንዲት ቃል ይናገራል ብሎ ፈራ። ሐኪሙ ግን ከመኪናው በቀር ምንም አልታየውም። “አይዞዎት እናቴ፣ ምንም አይሆኑም ነበር” አለና የመኪናዋን ኮፈን ደባብሶ ገብቶ ሄደ።

እማማ ቁም ጎንበስ ብለው ሰሌዳቸውን አነሱ።

“ሚጢ ነቃች እንዴ? አስደነገጥናት?” አሉ።

“አልነቃችም” አለ ጥርስ ሠሪው። ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ።

ያን ቀን ሥራ መሥራት አቃተው። ሞርዱን ያነሳል፣ ያስቀምጣል። እኚያ ሴት ለአንድ ሳጥን ጥርስ ሲሉ ሊሞቱ ነበር፤ ከዚያም አልፈው ስለ ሳጥኑ እንቅልፍ ተጨነቁ። በራሱ አፈረ፣ ተናደደም። ከሰዓት በኋላ ብሎኖቹን ፈታ፣ ወንበሩን ከነካፖርቱና ከነጓንቶቹ ከአልጋው ስር መልሶ ከተተው። ሄልሜቱን ከሚስማሩ አውርዶ አቧራውን ጠረገ። ከነገ ጀምሮ ሳጥኑን በጀርባው አዝሎ በሌላ መንገድ ሊሄድ ወሰነ፤ ፊታቸውን የሚያይበት ፊት አልነበረውም።

ሌላው መንገድ ከገበያው በስተጀርባ የሚያልፍ ነው። ሾፌሮቹ እንደ ድሮው ሆኑበት፤ ስፖኪዮዎቹ በክርኑ ስር፣ ክላክሱ በጆሮው ስር። ሄልሜቱ ግን እንደ ድሮው የልብ ልብ አልሰጠውም። ቀይ መብራት ላይ እጁ ሳያስበው ወደ ኋላ ይሄድና ባዶውን ይዳስሳል። ክሊኒክ ደርሶ ሳጥን ይቀበሉታል፣ ሳጥን ይሰጡታል፣ “እሺ” ይላሉ፣ “እሺ” ይላል፤ የቀኑ ወሬ በዚህ ያልቃል። አንድ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን የጄሶ አፎች “እንዴት አደራችሁ?” ብሏቸው አረፈ። ወዲያው ደነገጠ። እንዲህ ሆኖ መኖር እንደማይችል ገባው፤ ሄዶ ለእማማ ቁም ሁሉንም ሊነግራቸው ቆረጠ። ቢሰድቡትም ግድ የለም፤ ስድብም ቢሆን ሰው ሲያናግረው ነው።

በማግስቱ በድሮው መንገድ ሄደ። የሚለውን በልቡ እያጠና ነበር። እማማ ቁም ልጆች ለማሻገር ገና መሐል መንገዱ ገብተዋል።

“ቁም! አንተ ባለ ብስክሌት፣ ቁም እንጂ! ልጆች አይታዩህም?”

ቆመ። “እማማ፣ እኔ ነኝ” አለ።

“ማነህ አንተ?”

ሄልሜቱን አወለቀ። አሁንም አላወቁትም። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ የሱን ፊት አይተውት አያውቁም፤ ዓይናቸው ያረፈው ከኋላው ነበር። ይህ አስቦት የማያውቀው ነገር ስለሆነ ልቡን ወጋው፤ ያጠናውም ጠፋበት።

“የሚጢ አባት” አለ።

እማማ ቁም ሳቅ ብለው ዓይናቸውን ወደ ኋላ መጫኛው ወረወሩ። ባዶ ነው። ብሎኖቹ የነበሩበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ይታያል። ሳቃቸው ጠፋ።

“ወንበሯስ?”

“ፈታሁት፣ እማማ።”

“ለምን ፈታኸው?”

ዓይኑን ወደ ተፋቀው ቀለም መለሰ። እሳቸውም ይህን በራሳቸው ተረጎሙት። ሰሌዳው ቀስ እያለ ወረደ። “ከዚያን ቀን ወዲህ እኮ አላየኋችሁም” አሉ። “ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ እላለሁ። ምን አገኛት? መኪና ነው? ኧረ በፈጠረህ ንገረኝ! ምን ሆነችብኝ ሚጢ?” እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ከግራም ከቀኝም መኪና ቆሟል፤ ልጆቹ በሁለቱም ዳር ተሰብስበው አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። እማማ ቁም ሲያለቅሱ አይተው አያውቁም።

“ወደ እናቷ ሄደች” ሊል ይችል ነበር። ግማሹ እውነት ነው። እንባቸውን ይጠርጉ ነበር፣ ነገም “ሚጢስ ደህና ናት?” ይሉት ነበር፣ ወሬው ይቀጥል ነበር። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን እኚህን አሮጊት እንዲህ ሲያለቅሱ እያየ እንደገና መዋሸት አልሆነለትም።

“እማማ፣ አልሞተችም። ወንበሩ ላይ ልጅ አልነበረችም። ሳጥን ነው።” የጀርባውን ሳጥን አውርዶ ክዳኑን ከፈተው። ሮዝ ድድ ያላቸው ጥርሶች ተደርድረው ይስቃሉ። “ይሄ ነው። ጥርስ ሠሪ ነኝ። እንዳይሰበርብኝ ነበር የምጠቀልለው።”

እማማ ቁም ጥርሶቹን አዩ፣ እሱን አዩ፣ እንደገና ጥርሶቹን አዩ።

“ለጥርስ ነው መኪና ፊት ስገተር የከረምኩት?”

“አዎ፣ እማማ።”

“ጓንት የሠራሁት ለጥርስ ነው?”

“አዎ።”

“ዓይንህን በጨው ታጥበህ ‘ተኝታለች’ ስትለኝ የከረምከው ይሄን ነው?” ጮኸው ተናገሩ። ከዳር የቆመ አንድ ሾፌር ክላክስ ነካ፤ “ዝም በል አንተ!” አሉት ሳይዞሩ። በሰደርያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። ጥርስ ሠሪው አንገቱን ደፍቶ ክዳኑን ዘጋ። ሊሄዱ ሲሉ አንድ ነገር ያዛቸው።

“ካፖርቱስ የማን ነው? ያቺ ትንሿ ሄልሜትስ?”

“የልጄ ነው።”

“ልጅ አለችህ?”

“አለችኝ። ከእናቷ ጋር ናት፣ ሌላ ከተማ።”

“ወንበሩ የሚበቃት?”

“አይ። አሁንማ አድጋለች።”

“ምን ታክላለች?” አሉ። ድምፃቸው ረገብ ብሏል።

ጥርስ ሠሪው እጁን ዘርግቶ ወገቡ ላይ አቆመው። ይሄማ አነሰ ብሎ ወደ ደረቱ ከፍ አደረገው። ደግሞ በዛብኝ ብሎ ዝቅ አደረገው። እናቷ በስልክ የምትልክለት ፎቶ ፊቷን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ጎኗ የቆመ ሰው፣ የተደገፈችው በር ወይም አጥር ኖሮ አያውቅም። የማያውቃቸውን ሰዎች መንጋጋ በሚሊሜትር የሚለካው ያ እጅ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ወጣ ወረደ፤ የሚያርፍበት አላገኘም።

እማማ ቁም እጁን አዩት። ሌላ ምንም አልጠየቁትም። “ዳር ያዝ፣ ልጄ” አሉት ቀስ ብለው፣ ሰሌዳቸውን አነሱና ልጆቹን ጠሩ።

ልጆቹ በፊቱ መጉረፍ ጀመሩ። ቦርሳዋ ከራሷ የሚበልጥ አለች፣ ረጅም ቀጭን አለች፣ ጓደኛዋን አቅፋ የምትስቅ አለች። ጥርስ ሠሪው ብስክሌቱን ተደግፎ አንድ በአንድ አያቸው። ይቺን ታክል ይሆን? ወይስ ያቺን? የመጨረሻዋም ተሻገረች፤ እሱ ግን ልጁ የትኛዋን እንደምታክል አላወቀም።